የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊፈርስብን ነው፤ ምን ላድርግ?

እናት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። አምና ለትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ቡድን፣ ጄቪ ለሚሉት፣ ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። ዘንድሮ የተመዘገቡት ሰባት ልጆች ናቸው። ካልጨመረ ጄቪው ይቀራል ተባልን። ለዋናው ቡድን ደግሞ ገና ናት። በወንዶቹ በኩል ቦታ ጠፍቶ ልጆች ይመለሳሉ! ተጫዋች የሚመረጥበት ሙከራ ኖቬምበር አጋማሽ ነው። ሴቶቹ የት ሄዱ? ኳስ የማላውቅ እናትስ ምን ላግዝ?

የሦስት ሴቶች አባት፦
እህቴ፣ የእናንተ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002–03 በመላ አሜሪካ ከ450 ሺህ በላይ የሃይስኩል ሴቶች ይጫወቱ ነበር። በ2018–19 ከ400 ሺህ በታች ወረደ፤ ያውም ኮቪድ ሳይመጣ። በ2014–15 መረብ ኳስ በቁጥር በልጦታል።
የእኔም መካከለኛዋ ወደዚያው ሄደች። «ማንም አይገፋኝም» ትላለች። የትምህርት ቤቱ መረብ ኳስ በመኸር ያልቅና ክለቡ የብርዱን ወራት ይይዛታል። ያ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ወቅት ነው። በ2024 የሴቶቹን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ወደ 19 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ከወንዶቹ በልጦ። ልጄም አይታለች፣ የመረብ ኳስ የጉልበት መከላከያዋን እንዳደረገች!

ረዳት አሠልጣኝ ነኝ፦
ሰባት ልጅ አይበቃም። ሜዳ ላይ አምስት ነው፤ አንዷ ከታመመች፣ ሁለቷ አምስት ፋውል (ጥፋት) ሞልተው ከወጡ አለቀ። በትንሽ ቁጥር የገባ ቡድን በ40 ነጥብ ይሸነፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚመጣ ይጠፋል።
እኔ ያየሁት ትልቁ ችግር ፍርሃት ነው። ልጆቹ «ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በክለብ ካልተጫወትኩ ማን ይወስደኛል?» ይላሉ። ክለቡ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙን አንድ ነገር ለምኚው፦ «በጄቪ ማንም አይቀነስም፣ ጀማሪም ይምጣ» ብሎ በግልጽ ያስነግር። ከዚያ ልጅሽ ራሷ ጓደኞቿን ትጥራ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንንም አያመጣም። በመኸር እግር ኳስ የሚጫወቱትን አትርሱ፤ ሩጫው አላቸው።
ሌላው የጤና ምርመራ ፎርም ነው። ያለ እሱ ሙከራ ላይ አያስገቧትም። በየዓመቱ የእኛ ልጆች እዚህ ጋ ይቀራሉ፣ ወላጅ የነገረው ስለሌለ። አሁኑኑ ቀጠሮ ያዙ።

ሕግ ነክ፦
እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ለሴትም ለወንድም እኩል ዕድል ይላል። ጥያቄ ማንሳት መብትሽ ነው። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። መጫወት የሚፈልጉትን ልጆች ስም ዝርዝር ለስፖርት ኃላፊው በኢሜል ላኪ። ስሙ ሳይኖር ክርክሩ ውሃ አያነሳም።

የጾም ነገር፦
ማንም አላነሳውም እንጂ ሙከራው ካለፈ ከሳምንት በኋላ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ድረስ። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት በባዶ ሆዷ ስትሮጥ ራሷን አዞራትና «አልችልም» ብላ ተወች። አቅም አንሷት መስሎን ነበር። ምግብ ነው! ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋገርንና ቦርሳዋ ውስጥ ተምር፣ ቆሎ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ማድረግ ጀመርኩ። በዓመቱ ተመለሰች። ሂጃብ የምታደርግ ጎረቤታችንም አብራት ትጫወታለች።

እናት ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ልጄን ጠየቅኳት። ሦስት ጓደኞቿ ይፈልጋሉ፤ ልምምድ ሲያልቅ ስለሚጨልም የሚወስዳቸው ሰው ነው ያጡት። አባቶቻቸው ማታ ታክሲ ላይ ናቸው። የእኔ መኪና፣ ሲየናው፣ ሰባት ሰው ይይዛል፣ ሥራዬም የጠዋት ነው። በቃ፣ ሦስቱንም እኔው አደርሳለሁ፤ አሥር ሆንን ማለት ነው። የጤና ቀጠሮውንም ለሐሙስ ያዝኩ።
ልጄ ግን ኦቾሎኒ ቅቤ ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም። ሌላ የጾም መክሰስ የምታውቁ?