ባዝራ፣ ድንጉላ፣ ጋማ… የፈረስ አማርኛ ጠፋብኝ፣ እርዱኝ

የማኪ አባት (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገን። የ9 ዓመቷ ልጄ እዚህ ኮሎራዶ ፈረስ መጋለብ ጀምራለች። ማታ ማታ «ይሄ በአማርኛ ምንድን ነው?» እያለች ታፋጥጠኛለች። እኔ ደግሞ የሸገር ልጅ ነኝ፣ ከፈረስና ከጭራ ውጪ አላውቅም። ሴቷ፣ ልጇ፣ አንገቷ ላይ ያለው ፀጉር ምን ይባላል? አስተማሪዋ ደግሞ «ፈረስ የሚቆመው በአንድ ጣቱ ነው፣ ድሮ ብዙ ነበረው» ብላታለች። እውነት ነው ወይስ ልጅ ማጫወቻ?

እንጅባሬው፦ ሴቷ ባዝራ ናት። ያልተኮላሸው ወንድ ድንጉላ። የአንገቱ ፀጉር ጋማ። እግሩ ጫፍ ላይ ያለው ኮቴ፤ የእርምጃውን ድምፅም ኮቴ እንላለን። ግንባሩ ላይ ነጭ ካለበት ቦራ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባው ልጓም፣ እግር የሚገባበት እርካብ። ልጇ ግልገል።

ሸዋዬ፦ ግልገልስ ለበግና ለፍየል ይሁን! እኛ ጋ ውርንጭላ ነው፣ የፈረስም የአህያም።

እንጅባሬው፦ እሺ እቴ፣ ተረታሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦ አስተማሪዋ ልክ ናት። ልጅህ መዳፏን ጠረጴዛ ላይ ታሳርፍ። ከዚያ የመሃል ጣቷ ጫፍ ብቻ እስኪቀር ቀስ እያለች እጇን ታንሳ። ፈረስ የሚቆመው እንደዚያ ነው፤ ኮቴው የጣቱ ጥፍር ነው። የፊት እግሩ «ጉልበት» የምንለው የእጅ አንጓ ነው። የኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ ሾል ያለው ደግሞ ተረከዙ። እውነተኛው ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው።

ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ቅድመ አያቱ ኢዮሂፐስ ቀበሮ ቢያክል ነው። ፊት እግሩ 4፣ ኋላ እግሩ 3 ጣት ነበረው። ጫካ ውስጥ ቅጠል ይበላ ነበር። ኋላ የሣር ሜዳው ሲሰፋ ዘሩ እየረዘመ፣ የዳር ጣቶቹም እየመነመኑ ሄዱ። ዛሬም ከኮቴው በላይ ባለው ረጅም አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ የእነዚያ ቅሪት ናቸው።

የሚገርመው፣ ይሄ ታሪክ በአብዛኛው የተካሄደው እዚያው ሰሜን አሜሪካ ነው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን ፈረስ ከዚያ ጠፋ። የመለሱት ስፔኖች ናቸው።

ሸዋዬ፦ በቅሎንም አስተምራት እንጂ። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ማለቷ እኮ አልዋሸችም። እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ!

የማኪ አባት፦ ኑሩልኝ። አሁን እራት ቀርቦ እሷ በአንድ ጣቷ ጠረጴዛውን እየጋለበችው ነው።