የዕቅድ ውይይት፦ የድሮ ማጫወቻዎቻችን ወደ አዲስ አበባ ጉዞ (ረቂቅ 1)

ጸሐፊ፦
የደሴና የኮምቦልቻ አባላት፣ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው አንድ ነው። ዕቃዎቹ ለትርኢቱ አዲስ አበባ ደርሰው ሳይሰበሩ እንዲመለሱ። የሚሄዱት 9 ናቸው፦ 4 ሸክላ ማጫወቻ፣ 2 ባለ ሪል ቴፕ፣ 2 ባለ ቲዩብ (እንደ አምፖል ያለ ብርጭቆ) አምፕሊፋየር እና ግሩንዲግ ሬዲዮው። ለእያንዳንዱ የኮምፔንሳቶ ሳጥን ይሠራል። አንዱ 3,500 ብር፣ በድምሩ 31,500። መዋጮው በአባል 2,000 ነው፤ 18 አባል ከከፈለ 36,000። የተረፈው ለአይሱዙው። ሁሉም ዕቃ ደሴ ተሰብስቦ ይታሸጋል። መንገድ ላይ እንዳይቀላቀል በየሳጥኑ ጎን በትልቁ «ደሴ» ተብሎ በቀለም ይጻፋል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን የከፈለው 11 ሰው ነው። ስም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የፒያሳው፦
አናጺውን ለእኔ ተዉት። ሰፈሬ ነው። ዋጋም ይቀንስልናል። ነገ አናግረዋለሁ።

ቲዩብ፦
31,500 ለሳጥን፣ 4,500 ለመኪና። ስፖንጁስ? ሳጥን ብቻውን ዕቃ አያድንም። ባለፈው የፊሊፕስ ሸክላ ማጫወቻው ክንዱ ተገንጥሎ የመጣው ሳጥን አጥቶ ነው? ሳጥን ነበረው። ሳህኑ ሳይነሣ፣ ክንዱ ሳይታሰር፣ እንዳለ ተከተተ።

አሁን እንዲህ ይሁን። ጭንቅላቱ ከነመርፌው ይነቀልና ለብቻው በትንሽ ካርቶን ይቀመጥ። ከክንዱ ኋላ ያለው ክብደት ይውጣ። ክንዱ ማረፊያው ላይ በክር ይታሰር። በስኮች አይሁን፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይነሣል። የሚሽከረከረው ሳህን ተነሥቶ ለብቻው ይጠቅለል። እላዩ ላይ ከቀረ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዘንጉን የሚደበድበው እሱ ነው። በስፕሪንግ ከቆሙት በብዙዎቹ ላይ የማጓጓዣ ብሎን አለ። ይጥበቅ። የፕላስቲክ ክዳኑም ከማጠፊያው ይውጣ።

የቦርከናው፦
ሌላው ይቆይ። «ደሴ» የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? ከ9ኙ 4ቱ የኮምቦልቻ ናቸው።

የሙጋዱ፦
አድራሻ ነው እንጂ ባንዲራ አይደለም።

የቦርከናው፦
አድራሻ ከሆነ በወረቀት ይለጠፋል። በሜትር ፊደል የተጻፈ አድራሻ የት አይታችኋል? ሳጥኑ ትርኢቱ ላይ ከዕቃው ጎን ይቆማል። ሰው ፎቶ ያነሣል። ግሩንዲጉ አባቴ ከገዛው ጀምሮ ከኮምቦልቻ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የደሴ ሊባል ነው?

የሙጋዱ፦
ታዲያ አሁንም አይውጣ።

ጸሐፊ፦
ቀስ በሉ እንጂ።

ሹፌሩ፦
እኔ የሚገባኝ መንገዱ ነው። የኮምቦልቻ ዕቃ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይመጣል። ይታሸጋል። ከዚያ ሐረጎን መልሶ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ይህን ያቀደው ማነው? ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ለሽርሽር ነው? የእነሱ እዚያው ይታሸግ፤ ስወርድ ቆሜ እጭናለሁ።

የሙጋዱ፦
እዚያ ሲታሸግ ማን ይቆጣጠራል?

የቦርከናው፦
እኛ እጅ የለንም? ወላሂ ይሄ ንቀት ነው።

ባለ ሪሉ፦
ልጆች፣ ስለ ጽሑፉ እኔን አያሳስበኝም። ባለ ሪል ቴፔን፣ ሬቮክስ ኤ77ን ግን በዚህ ሁኔታ አልሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሞዴል ነው። መለዋወጫው በልመና ነው የሚገኘው። ክብደቱ 15 ኪሎ ነው። አይሱዙ ላይ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኖ አላይም። ሪሎቹ ላይ ደግሞ የላሊበላ ኪነት ቡድን ቅጂ አለ። ድጋሚ ከየት ይመጣል?

ቲዩብ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። 15 ኪሎ ዕቃ በፍራሽ ስፖንጅ ላይ ቢቀመጥ ስፖንጁ ጭፍልቅ ብሎ ይቀራል። ከታች ምንም እንደሌለ ቁጠሩት። ለከባዱ ጠጣሩ ስፖንጅ፣ ለቀላሉ ለስላሳው። ጠጣሩን ለቀላል ዕቃ ካደረጋችሁትም ምቱን እንዳለ ያሳልፈዋል። ደግሞ አንድ ሳጥን አይበቃም። ዕቃው ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ ካርቶኑ ኮምፔንሳቶው ውስጥ። በመካከላቸው በሁሉም ጎን፣ ከላይም ከታችም፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ስፖንጅ። ነቅንቃችሁ ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ገና አልታሸገም። ሪሎቹ ከስፒከር ጋር አንድ ሳጥን እንዳይገቡ። የስፒከሩ ማግኔት ቅጂውን ያበላሻል። ጭድ የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። አይሆንም።

የሙጋዱ፦
ጭድ ያልኩት እኔ ነኝ። እንቁላል በምን ነው ገበያ የሚመጣው?

ቲዩብ፦
እንቁላል የቴፕ ጭንቅላት የለውም። ጭድ አቧራ ነው። እርጥበትም ይይዛል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጠጣሩ ስፖንጅ ዋጋው ስንት ነው?

የቦርከናው፦
ከስፖንጁ በፊት የጽሑፉ ጉዳይ ይለቅ። የኮምቦልቻ ሰዎች ተነጋግረናል። «ደሴ» ተብሎ ከተጻፈ 4ቱ ዕቃ አይመጣም። መዋጯችንም ይመለስ።

የሙጋዱ፦
የስፒከሩ ጊዜም እንዲሁ ነበራችሁ።

የቦርከናው፦
የስፒከሩን ነገር ታነሣለህ? ማን ነበር ቤቱ የደበቀው?

የሙጋዱ፦
ደበቀ? ከዝናብ ያስገባሁ ሰው ነኝ!

ባለ ሪሉ፦
ያንን አታንሡ። ሽማግሌ ተቀምጦበት አልቋል። ያነሣው ሰው በእኔ ላይ እንዳነሣ ነው።

የሙጋዱ፦
እሺ ጋሼ። ዝም ብያለሁ።

የቦርከናው፦
እሺ ጋሼ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ መፍትሔ አለኝ። «ወሎ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለታችሁንም ይይዛል።

የቦርከናው፦
ይሄ ያስማማል።

የሙጋዱ፦
ወሎ ከተባለማ የወልድያም የሐይቅም ሰው ይክፈል። ለምን እኛ ብቻ?

ጦሳ፦
ለምን በቅኝቶቹ አንሰይማቸውም? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ትርኢቱ ላይም ያምራል። ቀለም ቀቢ አውቃለሁ፣ ፊደሉ እንደ ብራና ነው።

ጸሐፊ፦
ቅኝቱ 4፣ ሳጥኑ 9 ነው።

ጦሳ፦
ታዲያ ሳጥኑን 4 እናድርገው። ከባድ ከባዱን ብቻ።

የቦርከናው፦
አምባሰል ለግሩንዲጉ ከሆነ እስማማለሁ።

የሙጋዱ፦
አምባሰል ለምን ለእናንተ? ተራራው በማን በኩል ነው?

(እዚህ መካከል 20 ያህል መልእክት በአምባሰል ላይ ብቻ ሄዷል። ጸሐፊው አንሥቼዋለሁ። ተቆጪ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።)

ቲዩብ፦
አንድ ጊዜ ስሙኝ። ሳጥን ላይ መጻፍ ያለበት ሌላ ነው። የላይ ቀስት። «ይሰበራል»። አምፕሊፋየሮቹ ላይ ደግሞ «ከባዱ ወገን ይህ ነው»። ትራንስፎርመሩ በአንድ በኩል ስለሆነ ጫኙ ሳያውቅ ሲያነሣው በዚያው በኩል ያመልጠዋል። ቲዩቦቹ ይነቀሉ። ከመነቀላቸው በፊት ፎቶ ይነሡ፣ እያንዳንዱ የየትኛው ሶኬት እንደሆነ ይጻፍ፣ ከዚያ በስፖንጅ ተጠቅልለው ለብቻቸው።

ሌላው መንገዱ ነው። ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። መኪና ቆሞ ሹፌር ምሳ ሲበላ ሸራ ሥር ያለ ሸክላ ይጣመማል። ሸክላ ቆሞ እንጂ ተነባብሮ አይጫንም። ከቆላው ወጥታችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ደግሞ ብርድ ነው። ፌስታል ውስጥ የታሸገ ሙቅ አየር ሲበርደው እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን የእርጥበት ከረጢት ሰብስቡ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት። አዲስ አበባ እንደደረሰም ሶኬት ላይ አትሰኩት። ክፍሉን ይልመድ፣ አንድ ቀን ይደር።

ሹፌሩ፦
ምሳ የምበላው ጥላ ይዤ ነው።

የቦርከናው፦
ቀስቱ ከስሙ በላይ ነው የሚሣለው ወይስ በታች?

ቲዩብ፦
እኔ ጨርሻለሁ።

ጸሐፊ፦
የፒያሳው፣ አናጺው ምን አለ?

ገንዘብ ያዥ፦
የፒያሳው ስልክ አያነሣም። ሰፈሩም ሄጄ አጣሁት።

ጦሳ፦
አናጺው የቱ ነው? የሆጤው ወይስ የአይጠየፉ?

ገንዘብ ያዥ፦
እሱን የሚያውቀው የፒያሳው ብቻ ነው።

የቦርከናው፦
ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ድረስ ለምን እንንከራተታለን? ዕቃው የሚያውቀው የዚህ አገር ሰው ነው። ኮምቦልቻ አንድ የሙዚቃ ምሽት እናዘጋጅ። ሸክላ ይጫወታል፣ ቡና ይፈላል፣ መግቢያ ይከፈላል። ገንዘብም ያመጣል። ሳጥኖቹ መቆሚያ ይሆናሉ፤ ሰው ስማቸውን ያነባል።

የሙጋዱ፦
ሐሳቡ አይከፋም። የመጀመሪያው ግን ደሴ ይሁን።

የቦርከናው፦
ይሁን። ሁለተኛው ኮምቦልቻ። ወንበር ከእኛ ነው።

የሙጋዱ፦
ቡናው ከእኛ።

ባለ ሪሉ፦
ትርኢቱስ? ቃል ገብተናል እኮ። እንግዲህ እኔ ሬቮክሱን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። የአውቶቡስ ወንበር ለእሱም ቆርጬ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። አይሱዙውን እንደፈለጋችሁ።

ቲዩብ፦
ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ መጥቼ አሽግልዎታለሁ። ወንበር ላይም ቢሆን ሪሎቹ ከላዩ ይውረዱ፣ ቀበቶ ይታሰርለት።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 4። ሳጥን 4 ይሠራል፣ 14,000 ብር። ስማቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። የትኛው ለማን እንደሆነ በዕጣ። ከተሰበሰበው 22,000 ቀሪው 8,000 ለቀለም ቀቢው፣ ለድንኳን ኪራይና ለሁለቱ ምሽቶች ይውላል። አዲስ አበባ የሚሄደው ለጊዜው የጋሼ ሬቮክስ ነው። የሌሎቹ ጉዞ ከምሽቶቹ በኋላ ይታያል። ተቃውሞ ያለው?

ቲዩብ፦
ስፖንጁ በየትኛው ውስጥ ነው?

ጸሐፊ፦
ዕቃው ኮምቦልቻ ድረስ ብቻ ስለሚሄድ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል ብለን ነው።

ቲዩብ፦
ሐረጎን በብርድ ልብስ?

ሹፌሩ፦
ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።

የሙጋዱ፦
ቤት አንድ ኩንታል ጭድ አለ፤ በነፃ።

የፒያሳው፦
ሰላም ናችሁ? ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ገጠር ነበርኩ። አብሽሩ፣ አናጺው 9ኙንም ጀምሯል። እንጨቱ ተቆርጧል። ቀብድ ይፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ማን ፈቀደለት? አራት ነው የተባለው።

የፒያሳው፦
መቼ? እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ነው። ግማሹን ካልከፈላችሁ ለሌላ ሰው ቁምሳጥን ያደርገዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
የ9ኙን ግማሽ ነው ወይስ የ4ቱን?