ለአይሁድ ፋሲካ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ሐሜጽ (እርሾ ያለበት ምግብ) መቼ ይፈልጋል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኔታንያ፣ ተከራይቼ በያዝኩት አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነው። ፋሲካን አሽቀሎን ወላጆቼ ዘንድ ስለማሳልፍና ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ ስለምነሣ ሐሜጽ የሚፈለግበት የኒሳን 14 ሌሊት (የፋሲካ ዋዜማ) ሲገባ ቤቴ አልገኝም። ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሶፋውን ሥር ሳይቀር አጽድቼ ጨርሻለሁ። ታዲያ በሻማ መፈለግ ይጠበቅብኛል? ሌላው፣ እናቴ ከፍለጋው በኋላ የሚባለውን «ኮል ሐሚራ» የተባለ የአራማይክ ቃል ከወረቀት ላይ ታነበዋለች እንጂ ምን እንደሚል አታውቀውም። ይህ ይበቃል?

መልስ

ማጽዳቱ ፍለጋውን አይተካም። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሹልሐን አሩኽ ቤቱን በኒሳን 13ኛው ቀን የጠረገ ሰው እንኳ ሌሊቱ ሲገባ መፈለግ እንዳለበት ይደነግጋል። ከፋሲካ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ቤቱን ትቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ በሚነሣበት ዋዜማ ሌሊት በሻማ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከፍለጋው በፊት የሚባለውን ቡራኬ ግን አይልም። እንዲገኝ ተብሎ ከፍለጋው በፊት አሥር ቁራሽ ዳቦ መደበቁም ለእርስዎ ያን ያህል አያስፈልግም፤ ፈላጊው ምንም ሳያገኝ ቀርቶ ቡራኬው ከንቱ እንዳይሆን ተብሎ የተያዘ ልማድ ነውና። በወላጆችዎ ቤት የምትደብቁ ከሆነ ግን የማይፈረፈር ደረቅ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላችሁ የተቀመጠበትን ቦታ ጻፉ፤ አለዚያ የሚፈለገው ሐሜጽ ራሳችሁ ያስገባችሁት ይሆናል።

ሻማውን በተመለከተ፣ ችቦ የተከለከለው ሰው ቃጠሎ ፈርቶ ወደ ስንጥቁና ወደ ጥጉ ስለማያስጠጋው ነው፤ የሞራ ሻማም ዕቃ ላይ እንዳይንጠባጠብ ስለሚሰጋ በደንብ አይፈለግበትም። በዚሁ ምክንያት ዛሬ ብዙ ረቢዎች የእጅ ባትሪ ይፈቅዳሉ፤ አልጋ ሥርና መኪና ውስጥ እንዲያውም እሱ ይሻላል። የኮትና የቦርሳ ኪስ መፈተሽም አይርሱ።

ሌላ መልስ

የእናትዎ ጉዳይ ከሻማው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። «ኮል ሐሚራ» ጸሎት ሳይሆን ሰው በእጁ የቀረውን ሐሜጽ ውድቅ የሚያደርግበት ቃል ስለሆነ ተናጋሪው የሚለውን ማወቅ አለበት፤ ረማም (በሹልሐን አሩኽ ላይ ማስታወሻ የጻፈው ረቢ ሞሼ ኢሰርልስ) ሰው በሚሰማው ቋንቋ እንዲለው ፈቅዷል። ስለዚህ ማታ ፍለጋው ሲያልቅ በአማርኛ እንዲህ ይበሉት፦ «በእጄ ያለ፣ ያላየሁትና ያላስወገድኩት እርሾና እርሾ ያለበት ሁሉ ውድቅ ይሁን፤ እንደ ምድር ትቢያም ባለቤት አልባ ይሁን።» ጠዋት የተገኘውን ሐሜጽ ከማቃጠል በኋላ ደግሞ «ያየሁትም ያላየሁትም፣ ያስወገድኩትም ያላስወገድኩትም» ተብሎ ይሰፋል፤ ይህም ስድስተኛው ሰዓት ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት። ሰዓቱ በቀኑ ብርሃን ርዝመት የሚቆጠር በመሆኑ በየከተማው የሚወጣውን ሰሌዳ ይመልከቱ።

በነገራችን ላይ እናትዎ ጎንደር ካደጉ የሻማው ፍለጋ ለእርሳቸው አዲስ ቢሆን አይደንቅም። ቤተ እስራኤል የሚመሩት በኦሪት ስለነበረ የሚሽና (ረቢዎች ያጠናቀሩት የቃል ሕግ) ሥርዓት አልደረሳቸውም፤ በብዙ መንደር ጥንቃቄው ሁሉ በዕቃ ላይ ነበር። ሊጥ የተቦካበት ቡሃቃና ጠላ የተጠመቀበት ጋን እርሾውን መጥጧል ተብሎ አሮጌው ሸክላ ይሰበርና በአዲስ ይተካ ነበር። ከቂጣው ጋር እርጎ እንኳ የማይቀርብበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለመደች እናት ቃሉን በቋንቋዋ ብታገኘው ከማናችንም በላይ ትረዳዋለች ብዬ አምናለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአማርኛውን ቃል ገልብጬ እወስድላታለሁ። በ14ኛው ሌሊት እኔም አሽቀሎን ብፈልግ ቡራኬውን ራሴ ልበል?

መልስ

የቤቱ ባለቤት አባትዎ ስለሆኑ እርሳቸው ይበሉ፤ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ሰምተው «አሜን» ካሉ በኋላ በየክፍሉ ተከፋፍላችሁ ፈልጉ። በቡራኬውና በፍለጋው መጀመሪያ መካከል ወሬ አይገባም፤ ከተጀመረ በኋላም ለፍለጋው የሚያስፈልገውን ብቻ ተነጋገሩ።