የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ፒኤች 5፦ ሕክምና ልጀምርላት?

ጥያቄ (አዋላጅ ነርስ)
ጤና ይስጥልኝ። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ቀጠን ያለ፣ ግራጫማ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ አላት፤ ማሳከክ የለም። የብልቷ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) 5 ነው። የመጀመሪያ ልጇን በ32 ሳምንት ነው የወለደችው። መድኃኒት ልጀምርላት ወይስ ሌላ ምርመራ ይቅደም? ለሚወለደውስ ሕፃን ምን ያሰጋል?

መልስ (ላቦራቶሪ)
የፒኤች መለኪያው ወረቀት የነካው የብልቱን የጎን ግድግዳ ነው? የማህፀን በር ንፍጥ፣ ደም ወይም የወንድ ዘር ከነካው ፒኤቹ ከፍ ይላል። የእንሽርት ውሃም ከፍ ያደርገዋል፤ ፈሳሹ ውሃ ውሃ ካለ መጀመሪያ የእንሽርቱ ሽፋን አለመቀደዱን አረጋግጪ። ከዚያ አንዱን ጠብታ በኖርማል ሳላይን፣ ሌላውን በ10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስላይድ ላይ አድርጊ። በሁለተኛው ሽታው ወዲያው ይወጣል። በመጀመሪያው ጠርዛቸው በባክቴሪያ ተሸፍኖ የደበዘዘ ሴሎች (ክሉ ሴል) ከ20% በላይ መሆናቸውን እዪ። ከአራቱ ምልክቶች፣ ማለትም ከፈሳሹ መልክ፣ ከ4.5 በላይ ከሆነ ፒኤች፣ ከሽታውና ከክሉ ሴል፣ ሦስቱ ከተገኙ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) ነው።

መልስ (የማህፀንና ጽንስ ሐኪም)
ከተረጋገጠ፣ ምልክት ስላላት ትታከም። ሜትሮኒዳዞል 500 ሚ.ግ በአፍ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን፤ ካልተስማማት ክሊንዳማይሲን 300 ሚ.ግ፣ እሱም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን። የፈንገስ ክሬም እዚህ ምንም አይሠራም።

ላክቶባሲለስ (ብልትን የሚጠብቀው ጠቃሚ ባክቴሪያ) ሲመናመን ላክቲክ አሲዱ ይቀንሳል፤ ጋርድኔሬላና ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ወደ ላይ ዘልቀው ሽፋኑ ጋ ሲደርሱ ብግነት ይቀሰቅሳሉ፣ ፕሮስታግላንዲን (ምጥ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር) ይጨምራል፣ እንሽርቱ ቀድሞ ይፈሳል ወይም ምጥ ያለቀኑ ይመጣል። ሕፃኑን በዋናነት የሚጎዳው ይኸው ያለጊዜው መወለድ ነው። ለእናትየው ግን እውነቱ ይነገራት፦ መድኃኒቱ ሽታውንና ፈሳሹን ያጠፋል እንጂ ያለጊዜው መውለድን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ስለዚህ ያለፈ ታሪኳን ይዘሽ የማህፀን በሯን ርዝመት በብልት በኩል በሚሠራ አልትራሳውንድ አስለኪላት። ልኬቱ የሚጠቅመው ከ16 እስከ 24 ሳምንት ነውና አይዘግይ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ውስጧን በሳሙና ትታጠባለች። ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስንስ (በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ የሚችለውን ባክቴሪያ) አሁኑኑ ልመርምር?

መልስ (የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም)
የውስጡ እጥበት ዛሬውኑ ይቁም፤ የቀረውን ላክቶባሲለስ ጠርጎ ያወጣዋል። የስትሬፕቶኮከሱ ናሙና 36 ሳምንት ከሞላ በኋላ ይወሰዳል፦ በአንድ ጥጥ መጀመሪያ ከብልቱ ታችኛው ክፍል፣ ቀጥሎ ከፊንጢጣ፣ ያለ ስፔኩለም (ብልትን መክፈቻ መሣሪያ)። ቢገኝባትም ቀድሞ በኪኒን ማጽዳት አይጠቅምም፣ ይመለሳል። ምጥ ሲጀምር ፔኒሲሊን ጂ 5 ሚሊዮን ዩኒት በደም ሥር፣ ከዚያ እስክትወልድ በየ4 ሰዓቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊዮን። የመጀመሪያው መጠን ከመውለዷ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል። ሕፃኑ በመጀመሪያው ሳምንት ካቃሰተ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይግባ።