ለከሰል ማዕድን ሪፖርት አንድ የውሃ ልኬት ይበቃል?

ኮር ሳጥን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢሉ አባቦር ውስጥ አንድ የከሰል ቦታ ላይ ነኝ። ባለቤቶቹ ከመሬት በታች ገብተው ማውጣት ይፈልጋሉ። ከላይ ወፍራም ባዛልት ነው፤ ከሥሩ ጭቃ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ፣ በመሃል ከሰሉ፣ 80 ሜትር ግድም ላይ። በየካቲት ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚሸፍን ቧንቧ) በሌለው ጉድጓድ ዲፕ ሜትር (የውሃ ጥልቀት መለኪያ ገመድ) አውርጄ ውሃውን 20 ሜትር ላይ አገኘሁት። አለቃዬ «የውሃው ጥልቀት 20 ሜትር ብለህ ጻፍና ዝጋው፤ አርኪውዲውም (የአለቱ ጥራት መለኪያ፣ ከመቶ) 85 ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ኮሩ (ከጉድጓዱ የወጣው የድንጋይ ናሙና) እውነትም ያምራል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ቁፋሮው ከከሰሉ አልፎ አሸዋ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ውሃው ከፍ ብሏል። ሪጉ (የቁፋሮ ማሽኑ) ዓርብ ሊነሳ ነው። ምን ላድርግ?

ያረጀ መዶሻ፦
ልጄ፣ ዓርብ እንዳታስነሳው።

ያ 20 ሜትር የማንም ውሃ አይደለም። የባዛልቱም፣ ከከሰሉ በታች ያለውም ተደባልቀው የሰጡህ ቁጥር ነው። ባዛልት አንዱ የላቫ ፍሰት በሌላው ላይ እየተደራረበ የመጣ ነው። ልሙጡ ክፍል ውሃ እምብዛም አያሳልፍም፤ በሁለት ፍሰት መካከል ያለው ቀዳዳማ ክፍል ግን ወንፊት ነው። መሃሉ ላይ ቀይ ሸክላ ካለ ደግሞ የላይኛውን ውሃ ለብቻው ይይዘዋል።

የከነከነህ ነገር ልክ ነው። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ወለሉን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እስቲ አስላው። የታችኛው ውሃ ከመሬት በታች 20 ሜትር ድረስ የሚወጣ ከሆነ፣ 80 ሜትር ላይ ያለውን ወለል ከሥር የሚገፋው የ60 ሜትር ውሃ ነው፤ ወደ 6 ባር። ከሰሉን ስታነሳ ያንን የሚያግደው በመካከል ያለው ጭቃ ድንጋይ ብቻ ነው። ውፍረቱ ስንት ነው? ይህ ያልተጻፈበትን ሪፖርት እኔ አልፈርምም። ቻይና ውስጥ ፋንጌዧንግ የሚባል ማዕድን ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሥር ካለው ኖራ ድንጋይ የገባው ውሃ በደቂቃ 2053 ሜትር ኩብ ደርሶ ነበር። የእናንተ አሸዋ ድንጋይ ያንን ያህል አይሰጥም፤ ግን ከታች ይመጣል።

ፓከር ቴስት (የጉድጓዱን አንድ ክፍል ዘግቶ ውሃ በግፊት እያስገቡ መለካት) በየንብብሩ ለየብቻ ሥራ። መለኪያው ሉዥን ነው፤ አንድ ሉዥን ማለት በ10 ባር ግፊት፣ በአንድ ሜትር የጉድጓድ ርዝመት፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ሲገባ ነው። አንተ ግን በየቦታው 10 ባር አትስጠው፤ ጥልቀት በሌለው ወይም ደካማ በሆነ አለት ላይ ትሰነጥቀውና የራስህን ስንጥቅ ትለካለህ። ዝቅ ባለ ግፊት ሠርተህ አስላው። ከዚያ አንድ ፒዞሜትር (የውሃ ከፍታ መለኪያ ቧንቧ) ባዛልቱ ውስጥ፣ አንድ ከከሰሉ በታች፣ በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ለያይተህ ትከል። ክረምቱንም ሙሉ ልኬታቸው ይነበብ። የካቲት ላይ የተለካ ውሃ የነሐሴን አይነግርህም።

ሪግ ላይ ያደገ፦
መዶሻ ብሏል። እኔ የምጨምረው ስለዚያ 85 ነው። አርኪውዲ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆኑትን ቁራጮች ብቻ ነው የሚቆጥረው። ባዛልት ደግሞ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቀጥ ባሉ ስንጥቆች መሃል ሳይነካቸው ሊያልፍ ይችላል። አንድ ዘንበል ያለ ጉድጓድ አስቆፍር።

ኦፕሬተሩንም የቁፋሮ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ወደ ስንጥቅ ገብቶ እንደጠፋ ጠይቀው። የፈረቃ መዝገቡ ላይ አለ፤ ቢሮ የሚያነበው ሰው ግን የለም። ጭቃ ድንጋዩንም ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ጭቃ ሆኖ ካገኘኸው ኮር ሳጥን ውስጥ ማማሩ ምን ይጠቅምሃል?

የፒትስበርጉ፦
እኔ የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው። እዚህ ክዊክሪክ የተባለው ማዕድን ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ዘጠኝ ቆፋሪዎች ከመሬት በታች መውጫ አጥተው ነበር። ቁፋሯቸው ጎረቤት ያለ፣ ተትቶ ውሃ የሞላ የድሮ ማዕድን ጋር ተገናኘ። የያዙት ካርታ ደግሞ ያ ማዕድን እስከ የት እንደተቆፈረ በትክክል አያሳይም ነበር። ደግነቱ ሁሉም በሕይወት ወጡ። እናንተ ጋ የአካባቢው ሰው በእጁ የቆፈረው ካርታ የሌለው ጉድጓድ ካለ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ።

ኮር ሳጥን፦
እግዜር ይስጥልኝ። የ6 ባሩን ስሌት ለአለቃዬ ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዚያ ሪጉ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ጋሼ መዶሻ፣ የታችኛው ፒዞሜትር ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳማ ክፍል) ስንት ሜትር ይሁን?

ያረጀ መዶሻ፦
ሦስት ሜትር ይበቃዋል፣ አሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ብቻ። ካስረዘምከው ተመልሶ ይደባለቅብሃል። የላይኛውን ደግሞ ውሃ የጠፋበት ጥልቀት ላይ አድርገው፤ መዝገቡን መጀመሪያ አንብብ።