በሪአሎክ ቦታውን ያሰፋሁለት ስትሪንግ (ጽሑፍ) ትልቅ ፋይል ላይ ሴግፎልት ይላል፣ እርዱኝ!

ሴሚኮለን_ረሳሁ፦ ጓዶች ቶሎ በሉልኝ። በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም ፋይል መስመር በመስመር እያነበበ አንድ ረጅም ስትሪንግ ላይ ይቀጥላል። ትንሽ ፋይል ላይ ምንም አይል፤ ትልቅ ስሰጠው ሴግፎልት፣ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ ይሞታል! ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ባዶ_ፖይንተር፦ ኮዱስ? ጠንቋይ መሰልንህ እንዴ?

ዜሮ_ባይት፦ ርዝመት የሚቆጥረው ስትርሌን ጽሑፉን የምትዘጋውን የመጨረሻዋን ዜሮ ባይት አይቆጥራትም። ቦታ በምትይዝበት ማሎክ ላይ አንድ ደምር።

ሴሚኮለን_ረሳሁ፦ ደምሬያለሁ፣ ያው ነው።

የድሮ_ሰው፦ ልጆች፣ መሠረቱን ሳትይዙ ትሮጣላችሁ። ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ የሚቀጥለው ስትርካት በተጠራ ቁጥር መጨረሻውን የሚፈልገው ከመጀመሪያው ባይት ተነስቶ ነው፤ ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ይንቀራፈፋል። ርዝመቱን በተለዋዋጭ ያዙና ባይት በሚገለብጠው ሜምኮፒ ቀጥሉ። የቦታውን መጠን ሳያይ የሚያነበው ጌትስም ስንቱን አቃጥሎ ነው በሲ11 ከቋንቋው የተሰረዘው።

ባዶ_ፖይንተር፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን የልጁ ፕሮግራም መንቀራፈፍ ሳይሆን መሞት ነው የያዘው።

ምን_አስቸኮለህ፦ ለምን ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ትከምራለህ? መስመሩን ተጠቀምበትና ጣለው።

ሴሚኮለን_ረሳሁ፦ ወደኋላ እየተመለስኩ ስለምፈልግበት አይሆንም። «ጨምር» የሚል ፈንክሽን አለኝ፤ የቻር ፖይንተር (የጽሑፉን አድራሻ) ተቀብሎ ውስጡ ሪአሎክ፣ ከዚያ ስትርካት ያደርጋል። ቮይድ ነው፣ ምንም አይመልስም። ፋይሉ አማርኛ ነው፣ ለውጥ አለው?

ሌሊት_ዲበገር፦ ይኸው ተገኘ፣ ቮይድ ነው አልክ። ሪአሎክ ባለበት ማስፋት ሲያቅተው ጽሑፉን ሌላ ቦታ ገልብጦ የድሮውን ይለቀዋል። አዲሱን አድራሻ የሚያውቀው «ጨምር» ብቻ ነው፤ የጠራው ዋናው ፈንክሽን፣ ሜይን፣ የተለቀቀውን ይዞ ቀርቷል። ትንሹ ፋይል ሳይዛወር ቀርቶልህ ይሆናል፣ ዕድል ነው። ፈንክሽኑ አዲሱን ፖይንተር ይመልስ፣ ሜይንም ይቀበለው፤ አለዚያ ባለ ሁለት ኮከብ ፖይንተር (የፖይንተሩን አድራሻ) አሳልፍለት። የሪአሎክን መልስ መጀመሪያ በሌላ ፖይንተር ተቀብለህ ነል (ባዶ፣ ቦታ አልተገኘም ማለት) አለመሆኑን እይ። ደግሞ በየመስመሩ አትጥራው፣ ቦታው ሲሞላ እጥፍ አድርገው። አማርኛው ለውጥ የሚያመጣው በፊደል ቆጥረህ ቦታ ከያዝክ ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» ላይ ስትርሌን 9 ይልሃል፣ የሚበቃት 10 ነው።

ዜሮ_ባይት፦ አሥረኛዋ እኮ የኔዋ ናት! አንድ ደምር አላልኩም?

ባዶ_ፖይንተር፦ ለዚህ ሰው አንድ ነጥብ ደምሩለት፣ እንገላገል።

ሴሚኮለን_ረሳሁ፦ ቆይ ልሞክረው።

ሌሊት_ዲበገር፦ ሦስት ቀን አለፈ። ሠራ ወይስ ነል መለሰ?