ከልጆችና ከእናቴ ጋር የሁለት ቀን የመኪና ጉዞ፦ አምስት ቦታ ይበዛል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሌሊት አድረን የምንመለስበት የመኪና ጉዞ አስበናል። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችንና እናቴ ነን። ባለቤቴ ባወጣው ዕቅድ ውስጥ ሁለት ጥንታዊ ቤተ እምነቶች፣ አንድ የድሮ ምሽግ፣ አንድ ሙዚየምና አንድ የዋሻ ሥዕል አሉ። በየመሀሉ ገጠሩን እያየን መንዳት ነው። ሲያወራው ደስ ይላል። ግን ትንሿን መኪና ያስመልሳታል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። «እናንተ ግቡ፣ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ» እንድትል አልፈልግም። ትልቁ ደግሞ ባለፈው ጉዞ ሦስተኛው ቦታ ላይ ከመኪና አልወርድም ብሎ አስቸገረን። ምን እንቀንስ? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ በጣም ይበዛል። በቀን አንድ ዋና ቦታ ይበቃል። እኛ አንዴ በሁለት ቀን ስድስት ቦታ አዳርሰን ተመለስን። ልጆቹ «ምን አያችሁ?» ሲባሉ ያወሩት መንገድ ላይ ስለቆምንበት ወንዝ ብቻ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር ሲወረውሩ ነው የቆዩት።

እኔ ብሆን ምሽጉንና የዋሻ ሥዕሉን እመርጣለሁ። ምሽግ ልጅን ይይዛል። ልጅሽን ግንቡ ላይ ያለውን የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ አሳዪው። ከውጭ ሲታይ ጠባብ ስንጥቅ ነው። ከውስጥ ግን ሰፋ ስለሚል ተኳሹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ ልቡ ያነጣጥራል። ለምን እንዲህ እንደሠሩት ጠይቂውና ዝም በይ። የእኔው ልጅ በባዶ እጁ እያነጣጠረ፣ እየወጣ እየገባ፣ ራሱ ደረሰበት። እስከ ዛሬ ያወራዋል።

መልስ፦ ፋርማሲስት ነኝ

ስለ ትንሿ ልናገር። ዓይኗ መጽሐፍ ወይም ስልክ ላይ ሲሆን «ቆሜያለሁ» ይላል፤ የውስጠኛው ጆሮ ደግሞ «እየሄድኩ ነው» ይላል። የሁለቱ አለመስማማት ነው የሚያስመልሳት። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይብሳል። ስለዚህ መኪና ውስጥ ስልክና መጽሐፍ ይቅር። በልጆች ወንበሯ ላይ ከኋላ ትቀመጥና ሩቅ ወደ ፊት ትይ። ተራራ ቁጠሪ፣ ዛፍ ቁጠሪ በሏት። ከመነሳታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር ትብላ፤ ባዶ ሆድም ጥጋብም ጥሩ አይደለም። መስኮት ከፈት አድርጉ። መድኃኒት አለ፣ ግን የሚሰጠው ከጉዞው በፊት ነው። ካስመለሳት በኋላ ብዙም አይጠቅምም። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ስለሚለያይ ባለሙያ ሳታማክሪ እንዳትሰጪያት።

መልስ፦ ረጅም መንገድ የምነዳ

የጎማውን አየር ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫን የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። ስኮርታውንም አትርሱ! እኔ አንዴ ጎማ ፈንድቶብኝ ስኮርታዬን ሳወጣ አየር አልነበረውም። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሙ፣ ያን ቀን አልረሳውም። ክሪኩም መሥራቱን ሞክሩት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፣ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ከባድ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዘው። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ለእናትሽም እግር ማፍታታት ግድ ነው።

መልስ፦ አስጎብኚ ነኝ

ለእናትሽ ብለሽ አስቀድመሽ ደውዪ። «ደረጃ አለው?» ብቻ አትበይ። ስንት ደረጃ? መደገፊያ አለው? መኪና እስከ የት ይደርሳል? ተጣጣፊ ወንበር ያዙላቸው። አረፍ እያሉ ከሄዱ ብዙ ቦታ አብረው መግባት ይችላሉ። ሙዚየም ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የሚዘጋ ብዙ ስለሆነ እሱንም ጠይቂ።

በጠዋት ድረሱ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኑ በጎን ይመጣል፤ እኩለ ቀን ላይ የማይታይ የተፋቀ ጽሑፍና የመሮ ምልክት ጥላ ይዞ ብቅ ይላል።

ዋሻው ውስጥ ሥዕሉን እንዳይነኩ ልጆቹን አደራ በያቸው። ምክንያቱንም ንገሪያቸው። ፈረንሳይ አገር ያለው የላስኮ ዋሻ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኘው በወጣት ልጆች ነው። በ1963 ግን ለጎብኚ ተዘጋ። የሰዉ ትንፋሽና እርጥበት ብቻ ሥዕሉን እያበላሸው ነበር። ይህን የሰማ ልጅ እጁን ኪሱ ይከታል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዱን ቀየርነው፦ ቅዳሜ ምሽጉ፣ እሑድ ጠዋት ዋሻው፣ የቀረው ወንዝና ሜዳ። ዋሻው ጋ ደልደል ያለ መንገድ እንዳለ ደውዬ አረጋግጫለሁ፣ እናቴም ትገባለች። አንድ ነገር ቀረኝ። ዝናብ ቢመጣና መንገዱን ውሃ ቢያቋርጠውስ?

መልስ፦ ረጅም መንገድ የምነዳ

አትሻገሩ። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ጎርፍ ብዙ የቤት መኪና ያንሳፍፋል። ከሥሩ መንገዱ ተቦርቡሮም ሊሆን ይችላል፣ ከላይ አይታይም። ሌላው መኪና ስለተሻገረ እናንተም ትሻገራላችሁ ማለት አይደለም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ጠብቁ። ካልጎደለ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ዋሻው ሌላ ጊዜ ይታያል።